በእንቆቅልሽ የተወሰደብኝ ሰፈር

ምድጃ ሠሪው ሰፈራችንን ሙልጭ አድርጎ በእንቆቅልሽ የወሰደብኝ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። መጀመሪያ ገበያውን ወሰደ። ቀጥሎ መናኸሪያውን ከነአውቶቡሶቹ። ትምህርት ቤቱን ስሰጠው እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም፤ የኳስ ሜዳው ግን አንገበገበኝ። እንቆቅልሽ ያልመለሰ ሰው አገር መስጠት አለበት፤ ሕግ ነው። እኔ ደግሞ የአገር ስም ብዙ ስለማላውቅ የማውቀውን ሰፈር እየቆረስኩ ሰጠሁት።

ያን ሰሞን ጭንቀቴ ይኸው ብቻ ነበር። አክስቴ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ዱቄት የለበሰ ጠረጴዛ አጠገብ፣ የዕድሜ ልኳን ነገር አስይዛ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ሰውየውን ወዳው ነበር። እኔ ይህን ከየት አውቄው? ዓይኔ ያለው ገበያዬ ላይ ነው።

አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቤታችን ከፊት ዳቦ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ፣ መሀል ላይ ምድጃው ያለበት ትልቁ ክፍል ነበር። የድሮው ምድጃ ሆዱ ተሰነጠቀና ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። ዳቦው ከላይ አርሮ ከታች ሊጥ ሆነ። ደንበኛው አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ቀረ። አባቴ ሲጨንቀው "በምድጃ ሥራ የሚያህለው የለም" የተባለለትን ሰው ከሩቅ አስመጣ። ሰውየው መዶሻውን፣ ውሃ ልኩንና አንድ ያረጀ ሻንጣ ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ቋንቋችንን ግን አንዲት ቃል እንኳ አልያዘም።

ሎጋ ነው፣ ባርኔጣ ያደርጋል፣ እጆቹ ሰፋፊ ናቸው። ስለማይናገር የሰፈር ሰው "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ስም አወጣለት። ጡብ ሲደረድር አንዷን አንስቶ በጣቱ ያንኳኳታል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣታል፣ ካልወደዳት ያስቀምጣታል። እኔ ጡቧ የምትነግረው ነገር ያለ መስሎኝ እሱ ዞር ሲል እያነሳሁ አዳምጥ ነበር።

እናቴ በጨዋነቱ ሞተችለት። ምሳ ስታቀርብለት ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። "አየሽው የጨዋ ልጅ!" ትላታለች አክስቴን። እኛ ዘንድ የተጋበዘ ሰው ወዲያው እጁን አይሰድም፤ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ሲለመን ነው ቀመስ የሚያደርገው። እናቴም "በሞቴ!" እያለች ሳህኑን ትገፋለታለች፤ እሱም ጥርግ አድርጎ ይበላል። "እምቢታው ከአንገት በላይ እኮ ነው፣ ሆዱማ ባዶ ነው" ትላለች ደስ ብሏት። ከዚያ ሆዷን መታ መታ እያደረገች "ጠገብክ? ላንሳው?" ስትለው ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። እሷም ታነሳለታለች። ዓይኑ ግን ሳህኑን ተከትሎ ጓዳ ድረስ ይገባ ነበር።

አባቴም የራሱ ደስታ ነበረው። ምድጃው ቅርጽ ይዞ፣ አፉ ተስተካክሎ፣ ጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ሲቆም እጁን አራግፎ "አለቀ?" ይለዋል። ሰውየው ራሱን ይወዘውዛል።

"አያችሁ! አላለቀም ይላል!" ይላል አባቴ ዞሮ። "ሌላው ቢሆን ጭቃው ሳይደርቅ ሒሳቤን ባለ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ሻይ አምጡለት!"

ሻይ ይመጣለታል። ሰውየው ሻዩንም አባቴንም ግራ በተጋባ ዓይን አይቶ፣ ጨርቁን አንስቶ ያለቁትን ጡቦች መወልወል ይጀምራል።

አክስቴ ከምድጃው ፊት ለፊት ነው የምትሠራው። የአባቴ ታናሽ እህት ነች፤ እኔ እታለም እላታለሁ። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ሊጡን ስትደቁሰው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቶች "ቆማ ቀረች" ሲሏት ሰምቼ፣ ሊጥ በመቆም ስለሚቦካ ነው ብዬ ብዙም አልገረመኝም። ምድጃ ሠሪው ከመጣ ወዲህ ግን መዝፈን ጀመረች። አዲስ ሽርጥም አወጣች። አባቴ "ምድጃው ገና ሳይነድ እዚህ ቤት ምን ሞቀ?" ሲል እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እኔ ሞቀ የተባለውን ነገር ፈልጌ አጣሁት።

እንቆቅልሹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "እንቆቅልህ!" እለዋለሁ፤ "ምን አውቅልህ!" በል ብዬ አፌን እያሳየሁ አስጠናሁት። ውሃ ማለትን ሳያውቅ እሱንና "አገር ስጠኝ" ማለትን አወቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው። ወዲያው እሱም "እንቆቅልህ!" ይለኝ ጀመር፤ ሴት መሆኔን ምላሱ ሊቀበልልኝ አልቻለም። አክስቴ ሳቋ ሲያመልጣት ሊጡ ላይ ተደፋች፣ እሱም የሳቀችበትን ነገር እያየ ደጋግሞ "እንቆቅልህ! እንቆቅልህ!" አላት።

መነጋገሪያ ስላልነበረን እንቆቅልሾቹን ዱቄቱ ላይ በጣቱ ነበር የሚስለው። መጀመሪያ የሳለው አንድ ትልቅ አፍ ነው፤ አፉ ውስጥ እሳት። ይኼማ ለሕፃን የሚቀል ነው ብዬ እየዘለልኩ ምድጃውን አሳየሁት።

ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ያውም ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ!

ደሜ ፈላ። ተሳሳትሽ ማለት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ስህተት መሳቅ ምን ይባላል? ግን ሕግ ሕግ ነውና አንገቴን ደፍቼ "የጥጉን ሱቅ ሰጠሁህ" አልኩት። ሁለት እጁን ዘርግቶ መለሰልኝ፤ አልፈልግም ማለቱ ነው። አዝኖልኝ ነው ብዬ ሌላ መልስ ፈለግኩ። ዱቄት ጆንያ ላይ የተኛችውን ድመት አሳየሁት። ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ድመት! አፏ ውስጥ እሳት ያለባት ድመት! እልል ብዬ ክፍሉን ዞርኩት። ተመልሼ ስመጣ ሰውየው መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፦ "አገር ስጠኝ!"

"እንዴ! መለስኩ እኮ!"

"አገር ስጠኝ!"

ገበያው የሄደው ያኔ ነው።

በማግስቱ ነቃሁ። በዚህ ሰው አገር ነገሩ ሁሉ ቢገለባበጥ ነው አልኩ፤ ስለዚህ የማይሆነውን መመለስ አለብኝ። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ከላይ የሚበላ ከታች የሚያፈስ ነገር ሳለ። ወንፊት መሆኑን አላጣሁትም። ወንፊቱን አልፌ የአባቴን ነጠላ ጫማ አመጣሁለት። ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መዳፉ ግን ተዘረጋ፦ "አገር ስጠኝ!" መናኸሪያው ሄደ።

ስመልስ ይቀማኛል፣ ስሳሳት ይምረኛል። እንዲህ ያለ አጭበርባሪ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ለአባቴ ብነግረው "እንግዳ አይከሰስም" አለኝ። አክስቴ ደግሞ አጠገባችን ሆና ጨዋታውን አትከተልም፤ ስለ እሱ ስጠይቃት የምትመልስልኝ ሌላ ነው። "ዛሬ ምን ሳለ?" ትለኛለች። "ምን ብሎ ሳቀ? እኔ ዞር ስል ወዴት ያያል?" እንቆቅልሽ ልትማር ፈልጋ መስሎኝ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ። ስለ ራሱ መወዝወዝና መነቅነቅ ግን አልጠየቀችኝም፣ እኔም ኪሳራዬን ማውራት አሳፈረኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ጠረጴዛው ሥር ከድመቷ ጋር ተጋድሜ፣ አክስቴ እጇን ታጥባ፣ ሽርጧን አስተካክላ ሰውየው ፊት ቆመች። ዱቄት በተን አደረገችና በጣቷ መሳል ጀመረች። አጮልቄ አየሁ፦ ቤት፣ በሩ ላይ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ እጇን የያዘ ሕፃን። የራሷን ባዶ የቀለበት ጣት አሳየችው። ከዚያ እሱን ጠቆመች፣ ስዕሏን ጠቆመች፣ በመስኮቱ አሻግራ ሩቁን ጠቆመች።

ሰውየው ወዲያው ገባው። ፊቱ በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ፤ እንዳትጠራጠር ብሎ ደገመው።

አክስቴ ዱቄቱን በክንዷ ጠራርጋ ቤቱንም ሴቲቱንም ሕፃኑንም አጠፋቻቸው። ጀርባዋን ሰጥታው የተቦካውን ሊጥ እንደገና መደቆስ ጀመረች። ሰውየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። "እታለም፣ እንቆቅልሽ ጠየቅሽው?"

"አዎ።"

"ማን አሸነፈ?"

"እሱ።"

"ምን ሰጠሽው?"

"ዝም በይ አንቺ ልጅ" አለች። ድምጿ ተሰብሮ ነበር። ብዙ የሰጠችው መሰለኝና አዘንኩላት፤ የእኔ እንኳን ገበያና መናኸሪያ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘፈኑ ቆመ። አክስቴ ፊት ለፊት ወጥታ ዳቦ መሸጥ ጀመረች፣ ምድጃው ወዳለበት ክፍል የምትገባው እሱ ለምሳ ሲወጣ ብቻ ሆነ። እሱም ያችን ቀን ዱቄት ላይ የተሳለውን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው፤ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፣ መልሴን ሰምታ ፊቷን አዞረች ብሎ። ስለዚህ ጨርቁን አጥፎ፣ መዶሻውን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ፣ አባቴን በእጁ ወደ መናኸሪያው እያመለከተ ተሰናበተው። አባቴ እያቀፈው "ገና አላለቀም ስትል አልነበር እንዴ?" ይለዋል፣ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል፣ አባቴ ጭራሽ ግራ ይገባዋል።

እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ሰፈሬን ይዞብኝ ሊሄድ ነው! ከበሩ ሲወጣ አይቼ እየበረርኩ አክስቴ ጋ ገባሁ። ሰው ስለሌለ ወደ ማቡኪያው ተመልሳ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ገብታለች።

"እታለም! ያዥልኝ! በማጭበርበር ነው የወሰደው! ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ኳስ ሜዳውን!"

"ተይኝ እናቴ፣ ዛሬ ተይኝ።"

"ሌባ ነው! በትክክል ስመልስ ራሱን ይወዘውዛል፣ የማይሆን ስመልስ ይነቀንቃል! እሳት ሲስል ምድጃ አልኩት፣ አይደለም አለ። ድመት ስለው አዎ አለ! ወንፊት ስሎ ነጠላ ጫማ ብሰጠው አዎ አለ! ከዚያ አገር ስጠኝ!"

የአክስቴ እጅ ሊጡ ውስጥ ቆመ።

"ምን አልሽ?"

"ነጠላ ጫማ—"

"ምድጃ ስትዪው ወዘወዘ? በደንብ አስቢ። ሲወዘውዝ ፊቱ ምን ይመስላል?"

"ይስቃል! እኔ ስሸነፍ ደስ ይለዋል!"

"ሲነቀንቅስ?"

"ያዝንና አገር ይጠይቃል።"

አክስቴ ቤቱን በሚሰነጥቅ ድምፅ "እትዬ!" ብላ እናቴን ጠራች። "እትዬ፣ ጠገብክ ወይ ስትዪው ነቅንቆ ሳህኑን ስታነሺበት ዓይኑ ምን ያደርግ ነበር?"

እናቴ ጓዳ ሆና "ሳህኑን እየተከተለ አብሮኝ ይገባ ነበር እንጂ!" አለች። "ምነው?"

ምነው ማለቷን የሰማው ጠረጴዛው ብቻ ነው። አክስቴ የለችም። በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ባዶ፣ ሽርጧን እንዳሰረች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነ መንገድ ላይ ነች። እኔም እግሬ አውጪኝ! "እታለም ጎበዝ! እታለም በርቺ!" እያልኩ ከኋላዋ። ጫማ ሰፊው ቆሞ አየን፣ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ደጃፏ ላይ ወጣች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ስለ እኔ ሰፈር ብሎ እንዲህ የሚሮጥ ሰው አለኝ!

ዛሬ የአባቴን ዳቦ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ፣ ያንን ምድጃ የማነደውም እኔው። ሰውየው ቋንቋችንን ከለመደ በኋላ እዚያው ምድጃ ፊት ተቀምጦ ሁሉንም አጫውቶኛል። በአገሩ መወዝወዝ እሺ ነው፣ መነቅነቅ እምቢ። "አባትሽ አለቀ ወይ ይለኛል፤ አለቀ እለዋለሁ፤ ሻይ ያስመጣልኛል" አለኝ እየሳቀ። "ለምን እንደሚያቆየኝ አላወቅኩም። ማቡኪያው ፊት ለፊት ስለነበረ ግን አልጠየቅኩም።" እንቆቅልሹንም አንስቼበት ነበር፤ የወሰደብኝ ሁሉ በሕጉ መሠረት ነው አለኝ፣ ከወንፊት ይልቅ ነጠላ ጫማ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን መናኸሪያው ስንደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ጎማው መሽከርከር ጀምሯል። አክስቴ ፊቱ ሄዳ ቆመች። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ከጣሪያው ላይ አንድ ፍራሽ ወደቀ።

"እህቴ፣ መሞት ከፈለግሽ ሌላ መኪና የለም?"

አልሰማችውም። በጎን ዞራ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በመዳፏ መታች፤ በመታችው መስታወት ሁሉ የሊጥ እጅ ተለጠፈ። ከኋላ አካባቢ ባርኔጣው ታየ። ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነው።

አክስቴ ሊጥ የተጣበቀበትን የቀለበት ጣቷን ወደ ላይ አንስታ "ሚስት!" አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "አለችህ?"

ሰውየው ይህን ጥያቄ አንዴ መልሶት ጉድ የሆነበት ነው። ቢሆንም ቀስ ብሎ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

"አለችኝ አለ!" አሉ አንዲት ወይዘሮ ከፊት ወንበር፣ ለኋለኞቹ ሲያስተላልፉ።

አክስቴ ሳቀች። እንባዋ ሊጥ ባለበት ጉንጯ ላይ እየወረደ "የለችውም! የለችውም እኮ!" እያለች ሳቀች።

"ኧረ አለችኝ ነው ያለው፣ ሁላችንም አይተናል!" አሉ ወይዘሮዋ።

"እኔንስ?" አክስቴ ደረቷን በመዳፏ መታች። "እኔን! ትፈልገኛለህ?"

ሰውየው ብድግ ሲል ራሱ ከዕቃ መጫኛው ጋር ተጋጨ። ከዚያ መወዝወዝ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ባርኔጣው ወንበር ሥር እስኪወድቅ ድረስ ወዘወዘ።

"ውይ! በሰው ፊት!" አለ አውቶቡሱ በአንድ አፍ።

"እህቴ" አለ ረዳቱ፣ አዝኖላት፣ "ፍቅር በግድ አይሆንም። ነይ ዞር በይ፣ በሩን ልዝጋ።"

ግን እሷ ገብታለች። በአንድ እጇ ሻንጣውን፣ በሌላው እጅጌውን ይዛ በመተላለፊያው መሀል ጎተተችው። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው "ልጄ፣ ካልፈለግክ አትሂድ! አይዞህ፣ ሰው አለ!" አሉት። ሰውየው አመሰግናለሁ ለማለት ይሁን ለሌላ፣ እሳቸውን እያየ እንባና ሳቁ ተደባልቆ እንደገና ወዘወዘ። "አያችሁ፣ ግፍ ነው!" አሉ ሽማግሌው። አክስቴ ከነሻንጣው አወረደችው። ሹፌሩ ለዓመታት በየመስመሩ "አንድ ሙሉ ሰው በሴት ተጠልፎ በዓይኔ አይቻለሁ" እያለ ያወራ ነበር አሉ።

እኔ ወርደው ሲቆሙ የሰውየውን ሱሪ ጨምድጄ ያዝኩና "ገበያዬን!" አልኩት። እሱ ግን ወደ ታች አላየም። አክስቴም አላየችም። እንደዚያ ሲተያዩ የቆዩት የሒሳብ ልዩነታችንን በዓይን እየተነጋገሩ ይመስለኝ ነበር።

ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ነበር። ሙሉ ሳምንት ሙሽራውን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ አገጩን ይዤ "እሺ ማለት እንዲህ!" እያልኩ ከላይ ወደ ታች አስነቀነቅኩት። አንዴ ቢሳሳት ሁሉ ነገር ይበላሻል ብላ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። ሹሙ ብዕሩን አንስተው "በፈቃድህ ነው የምታገባት?" አሉት። ሙሽራው አየኝ፣ ምራቁን ዋጠ፣ አንገቱ እየታገለው ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። እናቴ እፎይ አለች።

"አንቺስ? በፈቃድሽ ነው?"

አክስቴን ማንም አላሠለጠናትም፤ ለካ ብቻዋን መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰንብታለች። ወደ ሹሙ አልዞረችም። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ሹሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ሙሽራዋ አልፈቀደችም" አሉ።

"ይጻፉ ጌታው!" ብሎ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። "እሺ ብላለች! ይጻፉ እንጂ!"

ሹሙ አንዴ አባቴን፣ አንዴ የሚያለቅሰውን ሙሽራ አዩ። አክስቴ ግን አላቆመችም፤ ብዕሩ ተነሥቶ እስኪጻፍ ድረስ ራሷን ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ መወዝወዟን ቀጠለች።